ልብ የሚሰቀለው በሩጫ አይደለም

ሰሞኑን በጎንደር ፊልም ወዳዶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ማራኪ ግቢ ካሉ ተማሪዎች እስከ ፒያሳ ቡና ጠጪዎች ድረስ አከራክሯል። ጸሐፊው በቅርቡ ያዩዋቸውን ድራማዎችና ትሪለሮች (ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች) ያነሡና ስድስት ፍርድ ይሰጣሉ። ድራማ ቀርፋፋ፣ ትሪለር ፈጣን ነው። የትሪለር ዋጋው መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው ምስጢር ነው። መጨረሻው ያልተዘጋ ፊልም ደራሲው ያቃተው ፊልም ነው። ሙዚቃ የሌለበት ትዕይንት የበጀት ማነስ ምልክት ነው። የውጭ ፊልም ከሥሩ በሚጻፍ ትርጉም አይጣጣምም፣ ተራኪ ይሻለዋል። የእኛ አገር ባለሙያ ደግሞ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ትሪለር አይሞክር።

ጽሑፉ ከፊልም ፍቅር የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ እንደ መለኪያ ተይዞ፣ «ቀርፋፋ ነው፣ ይቅር» እየተባለ ጥሩ ጥሩው ፊልም ከመታያ ዝርዝር እየተሰረዘ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልንመልስ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን ምስጢር ስለምናወጣ ያላየ ሰው ይህን አውቆ ያንብብ።

መጀመሪያ ስለ ፍጥነት። ጸሐፊው ፍጥነትን የሚለኩት ምስሉ በየስንት ሰከንዱ እንደሚቆረጥና ስንት መኪና እንደሚባረር ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የሲድኒ ሉሜት የ1957ቱ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» እንቅልፍ የሚያመጣ ፊልም መሆን ነበረበት። 96 ደቂቃ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በቀር ሁሉም ነገር የሚሆነው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ለፍርድ የተሰየሙ አሥራ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው አንድ ወጣት አባቱን ገድሏል ወይስ አልገደለም ብለው ይከራከራሉ። የሚሮጥ የለም፣ የሚተኩስ የለም። ሉሜት በኋላ እንዳስረዳው፣ የመጀመሪያውን ሲሶ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛውን በዓይን ልክ፣ የመጨረሻውን ከዓይን በታች ሆኖ ቀረጸው። ሌንሱንም ከሰፊ ወደ ረጅም እየቀየረ ሄደ። ረጅም ሌንስ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ዝቅ ያለ ካሜራ ደግሞ ጣሪያውን ያሳያል። ክፍሉ ሳይጠብ የጠበበ ይመስላል። ሰዎቹ ጨርሰው ከፍርድ ቤቱ ደጅ ሲወጡ ካሜራው ከፍ ይላል፣ ሌንሱ ይሰፋል፣ ተመልካቹም ይተነፍሳል። ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ መጨነቁን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የጸሐፊው ትልቁ ስሕተት ግን በአስጋር ፋርሃዲ የ2011 ፊልም፣ በ«ኤ ሴፓሬሽን» ላይ የሰጡት ፍርድ ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የሚውሉበት የኢራን ድራማ ብለው አልፈውታል። ፊልሙ ለኢራን የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት ያስገኘ ነው፤ ሽልማት ግን ማስረጃ አይሆንምና እንተወው። ማስረጃው ፊልሙ ውስጥ አለ።

ሚስትየዋ ሲሚን ቤቱን ለቃ ስትወጣ ፒያኖ የሚያወርዱት ሠራተኞች ተጨማሪ ሒሳብ ይጠይቃሉ፤ እሷም ከቤት ገንዘብ አውጥታ ትከፍላለች። ትዕይንቱ የአፍታ ነው፤ ተመልካች አይቶ ይረሳዋል። በኋላ ባሏ ናዴር ገንዘቡ መጉደሉን ሲያይ አባቱን እንድታስታምም የቀጠራትን ራዚዬን በሌብነት ይከሳታል፣ ገፍትሮም ከበር ያስወጣታል። እሷ ደረጃ ላይ ትወድቃለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ፅንሱ ይጨናገፋል። ናዴር በነፍስ ማጥፋት ይከሰሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ሲገፋት ነፍሰ ጡር መሆኗን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? መልሱ ቀደም ሲል ራዚዬና የናዴር ልጅ አስተማሪ ስለ ሐኪም ስልክ ቁጥር ሲያወሩ እሱ የት ነበር በሚለው ላይ ይወሰናል። ተመልካቹ ያንን ትዕይንት አይቶታል፤ ይሁንና እርግጠኛ አይደለም። ሌላም አለ። ራዚዬ ከቤት የጠፉትን የናዴርን አባት ፍለጋ ወጥታ መኪና በሚበዛበት መንገድ ማዶ ታያቸዋለች፤ ልትሻገር ስትል ፊልሙ ይቆርጥና ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። በዚያች የተቆረጠች ቅጽበት መኪና ገጭቷት እንደነበር የምንሰማው ወደ መጨረሻው ነው። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ዳኛ ፊት ቀርቦ የመመስከር ያህል ላብ ያስወጣል።

እንግዲህ ለክርክር የሚጠቅመው መለኪያ ይኸው ነው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ ያውቃል? አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይከፈል። በአንደኛው ደቂቃው፣ በሁለተኛው ተመልካቹ የሚያውቀው፣ በሦስተኛው ገፀ ባሕርይው የሚያውቀው ይጻፍ። ተመልካቹ ከገፀ ባሕርይው የበለጠ ሲያውቅ ልብ ሰቀላ ይባላል። ያነሰ ሲያውቅ የሚጠብቀው ድንጋጤ ነው። እኩል ሲያውቁ አብረው ይመረምራሉ። ጥሩ ፊልም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ ደካማ ፊልም ደግሞ አንዱ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። በየአሥር ደቂቃው አንድ መስመር ከተጻፈ የሁለት ሰዓት ፊልም አሥራ ሁለት መስመር ይወጣዋል። ፊልሙ የት እንደሰለቸና ለምን እንደሰለቸ ከዚያ ላይ ይነበባል። «ቀርፋፋ ነው» የሚባለው ፊልም ላይ ይህ ቢሞከር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የፍጥነት ችግር ሳይሆን፣ ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዓምድ አለመለወጡ ነው። በመኪና ማባረር የተሞላ ፊልምም በዚሁ ምክንያት ይሰለቻል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ዋጋው መጨረሻው ላይ ነው የሚለው፣ ከዚሁ ይፈታል። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ውይይት የሰጠው ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ ቦምቡ ሲፈነዳ የአሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ያገኛል። ቦምቡን አስቀድሞ ካየና ሰዓቱንም ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ የአሥራ አምስት ደቂቃ ጭንቀት ይሆንለታል።

የራሱ የ1960ው «ሳይኮ» የሚታወቀው በመጨረሻው ምስጢር መሆኑ እውነት ነው፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ያስከለከለውም ሂችኮክ ነው። በዚህ ጸሐፊው ተሳስተዋል አንልም። ግን ያቺን የረግረግ ትዕይንት ልብ ብሎ ማየት ነው። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ፊልሙ ሳይጋመስ ተገድላለች፤ ያረፈችበት ሞቴል ኃላፊ ኖርማን ሬሳዋን መኪናዋ ውስጥ ከትቶ ወደ ረግረጉ ይገፋዋል። መኪናው እየሰመጠ ይሄድና መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ኖርማን ዞር ዞር ብሎ ያያል።  በዚያች ጥቂት ሰከንድ የተመልካቹ ልብ «ኧረ ስመጥ!» ይላል። ከሟች ወገን የነበረ ሰው ሳያውቀው የወንጀሉ ሸሻጊ ወገን ሆነ ማለት ነው። ፊልሙን ለአምስተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው መኪናው መስመጡን ያውቃል፤ ሆኖም መኪናው ሲቆም ያው ነገር ይሰማዋል። ቅኔ ሰሚም ወርቁን ካገኘ በኋላ ቅኔውን አይጥለውም። ሰሙ እንዴት ወርቁን እንደሸሸገ ለማጣጣም ይድገሙልኝ ይላል። ምስጢሩ አንዴ ሲታወቅ የሚያልቅበት ትሪለር ካለ፣ ያ ፊልም ሰሙን ሳያቀልጥ ወርቅ ሊያፈስ የሞከረ ነው።

ላልተዘጋ መጨረሻ አጭር መልስ ይበቃል። ያልተዘጋና ያልተጨረሰ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያልተጨረሰ ማለት ፊልሙ ራሱ ያነሣውን ክር ረስቶ ሲያልቅ ነው። የቦንግ ጁን ሆ የ2003 ፊልም «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» በደቡብ ኮሪያ ሁዋሶንግ ከ1986 እስከ 1991 በተፈጸሙ ግድያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ገዳዩ አልታወቀም ነበር፤ በዘረ መል ምርመራ የተለየው በ2019 ነው። ዳይሬክተሩ በ2003 ገዳይ ፈጥሮ ቢያሳስር ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር። ይልቁንም የቀድሞው መርማሪ ቀና ብሎ ካሜራውን፣ ማለትም አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው፣ ፊት ለፊት ሲያይ ጨረሰው። ገዳዩ ሲኒማ ቤት ገብቶ ሊሆን ይችላላ! ከዚህ የጠበቀ መዝጊያ ከየት ይመጣል? የ«ኤ ሴፓሬሽን» ልጅም ከአባትና ከእናቷ ማንን እንደመረጠች ሳንሰማ ፊልሙ ያልቃል፤ ወላጆቿ ኮሪደር ላይ በመስታወት በር ተለያይተው ይጠብቃሉ። የፊልሙ ጥያቄ ማንን ትመርጣለች የሚል አልነበረም። ልጅን እንዲህ ያለ ምርጫ ላይ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፊቷ ላይ ተመልሷል።

ስለ ሙዚቃ የተባለው በጣም ያሳዘነን ነው፤ ምክንያቱም የአገራችንን ፊልም እየጎዳ ያለው ይኸው እምነት ነው። የኮኤን ወንድማማቾች የ2007 ፊልም «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ሙዚቃ የለውም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው፤ አራት ኦስካር ወስዷል፣ በጀት አጥቶም አይደለም። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ገዳዩና ሽማግሌው ባለሱቅ በባንኮኒ ተለያይተው ቆመዋል። ገዳዩ የበላበትን ፕላስቲክ ጨምቆ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። ካሜራው ፕላስቲኩን በቅርብ ያሳየናል፤ ቀስ እያለ እየተፈታ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ የ1958 ዓመት ምልክት ያለበት ሳንቲም ይወጣና «ጥራ» ይባላል። ሽማግሌው የሚወራረደው በምን እንደሆነ አያውቅም፤ እኛ እናውቃለን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ፣ ሁለተኛው ሙሉ። እዚህ ላይ ከበሮ ቢደለቅ ኖሮ ያን ፕላስቲክ ማን ይሰማው ነበር?

በእኛ ፊልሞች ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ የሚፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሜት ፍለጋ አይደለም፣ የቀረጻን ጉድለት ለመሸፈን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ካሜራው አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው በኩል ይቀመጣል፤ በመካከሉ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። በመጀመሪያው ቀረጻ ጀርባ ላይ ባጃጅ ነበረ፤ በሁለተኛው የለም። ሲቀጣጠሉ ባጃጁ በየዓረፍተ ነገሩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ተመልካቹ ምን እንደረበሸው ባይናገርም ከታሪኩ ይወጣል። ፊልም አቀናባሪው (ኤዲተሩ) ጨንቆት ሙዚቃ ያለብሰዋል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። በየቦታው ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባለበት ዝም ብሎ፣ የክፍሉ የራሱ ድምፅ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይቀዳ፤ ያ ድምፅ በመቁረጫዎቹ ሥር ሲነጠፍ ክፍተቱ ይጠፋል። ማይክሮፎኑ ከካሜራው ላይ ወርዶ ከተናጋሪው ከግማሽ ሜትር ብዙ ሳይርቅ ይያዝ። ማቀዝቀዣ ይነቀል፤ ጄኔሬተር ካለ ከግድግዳ ጀርባ ይራቅ። ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚያስተጋባ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይሰቀል። ጎንደር ላይ ደግሞ በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር ለመቅረጽ መነሣት ልፋት ነው። ዝናቡ ሲጀምር ቃል አይሰማም፣ ሲያባራም ቀድሞ ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም። ጭጋጉን ለውጭ ምስል በሐምሌ ይዞ፣ የቤት ውስጥ ንግግሩን ለጥቅምት ማቆየት ይሻላል።

ስለ ትርጉም ጸሐፊው ያነሡት ችግር ግማሹ እውነት ነው። ጽሑፍ በፍጥነት ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ለሽማግሌና ለሕፃን፣ በአማርኛ ድምፅ የተቀዳ ፊልም ይሻላል። ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ ያስለመደው ይህንኑ ነው፤ ተዋናዩ በሌላ ተዋናይ ድምፅ ይተካል፣ የፊልሙ ሙዚቃና ሌላው ድምፅ ግን ይቀራል። ጸሐፊው የሚያወድሱት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በፊልሙ ድምፅ ላይ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚተርክበትን። ያ ተራኪ «አሁን ሊገድለው ነው» ሲል ሁለተኛውን ዓምድ ቀድሞ ሞላው ማለት ነው። ዳይሬክተሩ አሥር ደቂቃ የደከመበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ።

የጽሑፍ ትርጉም የማይጣጣመው በአብዛኛው ስለተበላሸ ነው። አንደኛው ብልሽት፣ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚርቀው ነው። ጽሑፉ በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ተሰልቶ ፊልሙ 23.976 ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀድማል። ይህን በማዘግየት ማስተካከል አይቻልም፤ በጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም የምስል ፍጥነቱን መቀየር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን የሚያስት ከሆነ ብቻ ማዘግየት ይበቃል፤ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ የ«ጂ» እና የ«ኤች» ቁልፎች በየ50 ሚሊሰከንዱ ያንሸራትቱታል። የአማርኛው ፊደል ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከመጣ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት አልተሰጠውም ማለት ነው፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይመረጥለት። የተዘበራረቀ ምልክት ከመጣ ደግሞ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ አልተቀመጠም፣ ወይም ማጫወቻው በዚያ ኮድ አያነበውም። ንግግሩ ደክሞ ሙዚቃው ከጮኸም ፊልሙን አንውቀስ። ለስድስት ድምፅ ማጉያ የተዘጋጀው ቅጂ ንግግሩን የሚያስቀምጠው መሃለኛው ላይ ነው፤ ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ካለ ማጫወቻው ወደ ስቴሪዮ እንዲቀላቅል መታዘዝ አለበት።

ለተርጓሚዎች አንድ ነገር እንጨምር፣ ለትሪለር የሞት ሽረት ነውና። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ተዋናዩ ቆም እያለ የሚናዘዘውን ኑዛዜ ተርጓሚው በአንድ ጊዜ ካወጣው፣ ተመልካቹ «እኔ ነኝ» የሚለውን ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ያነበዋል። ስለዚህ ኑዛዜው በሁለት ይከፈል፦ «በዚያ ሌሊት እሱን የገደልኩት…» አንድ፣ «እኔ ነኝ» ሌላ፣ ሁለተኛው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፤ አጭሩም ቢሆን ከ1 ሰከንድ በታች አይታይ።

የመጨረሻው ነጥብ የእኛ አገር ባለሙያ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ትሪለር አይሞክር የሚለው ነው። ይህን ጎንደር ላይ መስማት ይከብዳል። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ በ1946 የተወለደው እዚችው ከተማ ነው። የ2008ቱ ፊልሙ «ጤዛ» በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ድራማ ነው ይባላል። ግን ዋናው ገፀ ባሕርይ አንበርብር ወደ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ ለምን እንደሌለ አይነገረንም። እሱ ራሱ ትዝታው ተቆራርጧል። ፊልሙ በምልሰት በምልሰት እየወሰደን፣ በጀርመን ዘረኞች ያደረሱበትን ጥቃት የምናየው ዘግይቶ ነው። ይህ የትሪለር አሠራር አይደለም የሚል ካለ ያስረዳን። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ የ2014ቱ «ድፍረት»ም ማን እንደተኮሰ ከመጀመሪያው ነግሮን፣ ሕጉ የተጠለፈችውን ልጅ ራሷን እንደተከላከለች ይቆጥርላት ይሆን ብለን ልባችንን ሰቅሎ ያቆየናል። በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫልም የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል።

ገንዘብ አያስፈልግም አንልም። ተዋናይም መብራትም ይከፈልበታል። ነገር ግን በአገራችን ትሪለሮች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት ከካሜራው በፊት ወረቀቱ ላይ ያለ ነው። መርማሪው የሚፈልገውን ሰው መንገድ ላይ በአጋጣሚ ያገኘዋል። ገፀ ባሕርይን ችግር ውስጥ የሚከት አጋጣሚ ተመልካች ይቀበላል፤ ከችግር የሚያወጣውን አጋጣሚ ግን አይቀበልም። በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነገር እያለ የሚደውል የለም። ምስጢሩን የሚፈታው ዕቃ መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያል። እዚህ ላይ ፒያኖ ላወረዱት ሠራተኞች የተከፈለውን ገንዘብ ማስታወስ ነው፤ ንግር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ በሌላ ጉዳይ መሃል አንዴ ታይቶ የሚያልፍ።

ከተማችን ውስጥ ትሪለር ለመጻፍ የሚያስብ ወጣት ከዚህ ይጀምር። በአንድ ገጽ ላይ በእርግጥ የሆነውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጊዜ ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ይህ ገጽ ለተመልካች አይታይም። በሁለተኛው ገጽ ያንኑ ነገር ተመልካቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያውቀው ይጻፍ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ በየትዕይንቱ ምን ያህሉን እንደሚያውቅ። መፍቻ የሚሆን ዕቃ ወይም ቃል ከመፍታቱ በፊት ቢያንስ አንዴ መታየቱን ይቁጠር። አንድ ቤት፣ አራት ሰው፣ አንድ ሌሊት ይበቃል፤ መብራት ይጥፋ፣ ውጭ ጅብ ይጩህ፣ ከአራቱ አንዱ ሌሎቹ የማያውቁትን ይወቅ። ሦስቱ ገጾች እርስ በርስ መግጠማቸው ሲረጋገጥ ያን ጊዜ ካሜራ ይከራይ።